ሐሙስ ሳይደርስ

መጀመሪያ ወይዘሮ አሰጋሽን ልክሰስ፤ ወደ ራሴ ኋላ እመጣለሁ።

ወይዘሮ አሰጋሽ ሰበታ እያለን የሰፈራችን የአንድ ለአምስት መሪ ነበረች። ያን ዘመን ላልኖረበት ሰው ልንገር፦ በየሰፈሩ ሴቶች ስድስት ስድስት ሆነው ይደራጃሉ፤ አንዷ አምስቱን ትመራለች። በወረቀት ላይ ሥራዋ ልጅ ማስከተብ፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። በወረቀት ላይ ያልተጻፈው ሥራ ደግሞ ማን ማን ቤት ገባ፣ ማን ምን አለ የሚለውን ለበላይ ማድረስ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ሁለቱንም እኩል ትወጣው ነበር። እኔ የማውቀው ግን አጎበር እንዳደለችን፣ ታናሽ ወንድሜን ዓቢይን አዝላ ወስዳ እንዳስከተበችው፣ ከቦርሳዋም ከረሜላ እንደማይጠፋ ብቻ ነበር። እናቴ አረጋሽ “እትዬ አሰጋሽ ባይኖሩ ይኼን ልጅ ኩፍኝ ይወስደው ነበር” ስትል ሰምቻለሁ። ያኔ እኔም አንቱ ነበር የምላት። አሁን አንቱታው ወልቋል።

ጊዜው ጥቅምት 2009 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ “ማስተር ፕላን” የሚሉትን ነገር ስሰማ ከርሜያለሁ። አዲስ አበባ ሰበታን ልትውጥ ነው ሲባል፣ ከዓለም ገና ማዶ አፏን ከፍታ የምትመጣ መስሎኝ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብያለሁ። ኋላ ዕቅዱ ቀረ ተባለ፤ ቁጣው ግን አልቀረም። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። አባቴ ገብረየስ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ መመለሻ አጥቶ የሚያድርበት ቀን ብዙ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ቢሾፍቱ፣ ኢሬቻ ላይ ሰው አለቀ። በዚያው ሰሞን ሰበታ ዙሪያ ፋብሪካዎች ነደዱ፤ እናቴ ያሰጣችው ልብስ ሁሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። ወዲያው አዋጅ ታወጀ። ከአዋጁ ለኔ የገባኝ ሰው መሰብሰብ ክልክል መሆኑ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ ብዙ መሆን እንፈራ ነበር።

የተከራየንበት ግቢ የኦቦ ገርባና የባለቤታቸው የአዴ ጉዲቱ ነው። አዴ ጉዲቱ አማርኛ የሚናገሩት ለገበያ የሚሆናቸውን ያህል ነው፤ ሲናደዱ ግን በኦሮምኛ ነው፣ የሚናደዱትም ቶሎ ነው። ከኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል የልብስ ሰፊዋ የፈቲያ ነው። ከስልጤ የመጡት አማቷ ሳሊሃ አብረዋት ይኖራሉ፤ እሳቸው ከስልጢኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። መጨረሻ ያለው ክፍል የሲስተር ናዝራዊት ነው። ሲስተር የአንድ ልብስ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነበረች፤ ፋብሪካው ሲቃጠል ሥራ ፈትታ ቤቷ ተቀመጠች። የአዴ ጉዲቱ ልጅ ጃራ ደግሞ ከኢሬቻ ማግሥት ጀምሮ የለም። የማናውቃቸው ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀውታል። አዴ ጉዲቱ ሁለቱንም ጊዜ “አላውቅም” አሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲዋሹ ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ።

ሴቶቹ ሲስተር ክፍል መግባት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ዓቢይን ታሸክመኝና “ውጭ ተጫወቱ” ትለኛለች። ፈቲያ ጥጥና መርፌ በፌስታል ይዛ ትገባለች፤ ሳሊሃ ይከተሏታል። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ኦቦ ገርባ ለወትሮው ከሰዓት በኋላ ከቤት የማይገኙ ሰው፣ የግቢው በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሲስተር ሙቅ ውሃ በሳፋ፣ ሳሙናና ጓንት ይዛ ስትገባ አየሁ። በመስኮቱ ሥር ሆኜ ሳዳምጥ ሹክሹክታ ነው። ከዚያ መሐል የሲስተር ድምፅ “ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ” ይላል።

እንግዲህ ጃራ ቆስሏል አልኩ። ሲስተር አልጋ ሥር ተኝቷል፤ ጥጡም መርፌውም ሙቅ ውሃውም ለሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ ሲገባኝ ራሴን በጣም አዋቂ አድርጌ ቆጠርኩት።

ጃራ ያን ጊዜ መናገሻ አጎቱ ቤት ነበር፤ ገብስ እያጨደ፣ ያለ አንዳች ጭረት። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ነኝ። ሲስተር ናዝራዊት ፋብሪካው ሳይቃጠል አንዲት ሠራተኛ የቆሰለ ጡቷን በነጠላ ጠቅልላ መጥታባት ነበር። ሴትዮዋ እብጠቱን ካወቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በሦስት ወሯ ሞተች። ናዝራዊት ወይዘሮ አሰጋሽ ዘንድ ሄዳ “የሰፈሩን ሴቶች ስለ ጡት ካንሰር ላስተምር” ብላ ለመነች። “ዕቅዳችን ውስጥ የለም” ተባለች። ዕቅድ ውስጥ የለም! እጅ መታጠብ አለ፣ ምድጃ ማሻሻል አለ፣ ጡት የለም! ሴቶቹን ያደራጀው ሰው ሴቶቹ ጡት እንዳላቸው የረሳ ይመስል።

ስለዚህ በራሷ ክፍል ጀመረች። ቋንቋው አስቸገራት፤ ሦስቱንም የሚችል ሰው በመሐላቸው የለም። ደግሞም እያንዳንዷ የራሷ ሐኪም ናት፤ አዴ ጉዲቱ የጡት እብጠት ሁሉ ምች ነው ባይ፣ ሳሊሃ የሰው ዓይን ነው ባይ፣ እናቴ ደግሞ የረጋ ወተት ነው ባይ። በዚህ ጊዜ ነው ፈቲያ ከጨርቅ ጡት የሰፋችው። ብዙ ሰፋች፤ ሁሉንም ጥጥ ሞላቻቸው፤ ግማሾቹ ውስጥ ሽምብራ ደበቀች። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሦስት ጣታቸው እየዞሩ ሽምብራ ያለበትን ይለያሉ። ሳሊሃ ከሁሉም ቀድመው ለዩ። ከዚያ ጣታቸውን በሳሙና እያራሱ ወደ ገዛ ገላቸው ይመለሳሉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የእናቴ ጣት የገዛ ገላዋ ላይ ቆመ። ግራ ጡቷ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከፋሲካ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዳማከሴ ከአጥር እየቀጠፍኩ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ ለራስ ምታት ነው ብላኝ። የረጋ ወተት! ዓቢይ ጡት ከጣለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር እኮ።

እኔ ያየሁት ግን እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ከሲስተር ክፍል ስትወጣ ብቻ ነው።

“እማ፣ ምን ሆንሽ?”

“ምንም። ሰኒ፣ እዚያ እንደምንገባ ለሰው እንዳታወሪ። ለአባትሽም።”

“ለምን?”

“እንዳታወሪ አልኩሽ!” አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። ቁጣና መሳም ባንድ ላይ ሲመጣ ልጅ የሚገባው ፍርሃት ነው።

ሰኞ ጠዋት ቧንቧ ሥር ጀሪካን ስሞላ፣ ሲስተርና አዴ ጉዲቱ እኔን ከቁብ ሳይቆጥሩ ያወሩ ነበር።

“ሐሙስ በጠዋት ነው” አለች ሲስተር። “መንገድ ከተዘጋስ?”

“በእግር። በጓሮ በጓሮ ዓለም ገና እንወጣለን። እኔ አለሁ” አሉ አዴ ጉዲቱ።

“ባሏ እንዳይሰማ።”

“ወንድ ምን ያውቃል! ማሎ፣ እባክሽ አንቺ ዝም ብለሽ ሐኪሙን አዘጋጂልኝ።”

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ሐሙስ ጃራን ሊያሻግሩት ነው፤ እናቴም አብራ ልትሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ወታደር አለ። ሌሊቱን ሙሉ እናቴን ሲተኩሱባት አየሁ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወይዘሮ አሰጋሽ ደጇ ላይ ቆማ ነበር።

“እትዬ አሰጋሽ፣ እናቴን ከሲስተር ቤት ያስወጡልኝ።”

“ሲስተር ቤት ምን ታደርጋለች?”

“በር ዘግተው ይሰበሰባሉ።”

“እነማን?”

አንድ በአንድ ነገርኳት። የሳሊሃን ስም ስረሳ ቆም ብዬ አስታውሼ ጨመርኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚጠየቅ ጎበዝ ተማሪ።

“ተሰብስበው ምን ይሠራሉ?”

“ጃራን ደብቀውታል። ሐሙስ ሊያሻግሩት ነው።”

ወይዘሮ አሰጋሽ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችው። “በዓይንሽ አይተሽዋል?”

“አዎ” አልኩ። አላየሁትም። አላየሁም ብል እናቴን የማታስወጣልኝ መስሎኝ ነው።

“ጎበዝ። እናትሽ ምንም አትሆንም፣ እኔ አለሁላት” አለችና ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላውን በላሁት። ይኼን አልደብቅም፤ በላሁት፣ ጣፈጠኝም።

ረቡዕ ከሰዓት ስድስት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ መሣሪያ ይዘዋል። ኦቦ ገርባ ከበርጩማቸው ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። “ሴቶች ናቸው፣ ልብስ አልለበሱም፣ አትግቡ!” ብለው ጮኹ። ልብስ አልለበሱም የሚለው ለሰዎቹ ቀልድ መሰላቸው። አንደኛው በሰደፍ ክንዳቸውን መታቸው፤ ድምፁን ሰማሁት፤ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። ከዚያ የሲስተርን በር ገነጠሉት።

ዓቢይን አዝዬ አልጋው ሥር የሚወጣውን ጃራን ጠበቅኩ። አልጋው ተገለበጠ። የወጣው አንድ ጥንድ ጫማና አንድ የላሜራ ሳጥን ነው። ፈቲያ በሻርፗ ደረቷን ሸፍና ጥግ ይዛለች፤ ሳሊሃ በስልጢኛ እየጮሁ ይረግማሉ። አንዱ ሰው ከጨርቅ የተሰፋውን አንሥቶ “ይኼ ምንድን ነው?” አለ።

“ማስተማሪያ ነው” አለች ሲስተር ናዝራዊት። “ስለ ጡት በሽታ ነው የምንማማረው።”

ሰውየው ሳቀ። በካራ ቀደደው፤ ጥጡን በተነው። ሽምብራዋ ወለሉ ላይ ስትወድቅ መሳቁን ተወና አንሥቶ በጣቶቹ መሐል አዟዟራት። “የምን ምልክት ናት?” ብሎ ጠየቀ፤ የምሩን ነበር። ለመንግሥት ጠላት ምልክት ይሆናል ብሎ ሽምብራን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አገራችን እንዲህ ባሉ ሰዎች ነበር የምትጠበቀው።

እናቴን ሲያወጧት የቀሚሷን ቁልፎች አዛንፋ ቆልፋቸው ነበር። እኔን አየችና “ዓቢይን ያዢው፤ ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ” አለችኝ። ከአጥሩ ውጭ ወይዘሮ አሰጋሽ ቆማለች። ምንም አትሆንም ያለችኝን እናቴን ሲጭኗት ዝም ብላ አየች።

ሐሙስ፣ ሐኪም ዘንድ የተቀጠረችበት ቀን፣ እናቴ እስር ቤት ሆና አለፈ። ዓርብ ማታ እሷና የግቢው ሴቶች ተፈቱ፤ ሲስተር ናዝራዊት አልተፈታችም። ለወራት ስለሷ የሰማ ሰው አልነበረም። አባቴ ነገሩን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ሰው ፊት ልብስሽን አውልቀሻል ወይስ አላወለቅሽም?” ስለ እብጠቱ አልጠየቀም። እናቴም አልነገረችውም፤ ጠበል ጀመረች።

ግቢው ከዚያ ወዲያ ግቢ መሆኑ ቀረ። ፈቲያ እናቴ ስታልፍ የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየረገጠች አንገቷን ትደፋለች። አዴ ጉዲቱ ሰላምታ ከለከሉን። ጥር ላይ “ቤቱን ለልጃችን እንፈልገዋለን” ተባልንና ቡራዩ ሄድን። በጊዜው የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ኦሮሞ፣ አማራ የሚል ነበር፤ ስለዚህ ያባረሩን ከሰሜን ስለመጣን ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴን ስጠይቃት “ተያቸው፣ እውነት አላቸው” ትለኛለች። በደግነቷ ነው ብዬ የባሰ ጠላኋቸው። ትምህርት ቤት ኦሮምኛ ሲያናግሩኝ እየቻልኩት በአማርኛ መመለስ ጀመርኩ።

የእናቴ ጡት በ2010 ቆሰለ። አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ የቁስል መድኃኒት ሰጥቶ መለሳት፤ ገልጦ ያየ የለም። ትልቅ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ሳይሆን አባቴን አየው። ሰኔ 2011 አረፈች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለቅሶው ላይ ከሰበታ አንድም ሰው አልመጣም። ቡራዩና ሰበታ ስንት ሰዓት ያስኬዳሉ? ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ይኼን ቂም ለሰባት ዓመት ይዤ ኖርኩ።

ከሁለት ወር በፊት ለተግባር ልምምድ ሱሉልታ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የእናቶች ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ ቆማ አንዲት ገበሬ ሴትን በኦሮምኛ ትቆጣለች፦ “ለምን እስከዛሬ ቆየሽ?” ጸጉሯ ሸብቷል፣ ኦሮምኛውን ለምዳዋለች፤ ድምፁ ግን ያው “ቀስ ብለሽ” የሚለው ነው።

“ሲስተር ናዝራዊት” አልኳት ሰው ሲወጣ። “ሰናይት ነኝ። የአረጋሽ ልጅ።”

ጓንቷን ግማሽ አውልቃ ቀረች። “አረጋሽስ?”

ነገርኳት። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያኔ፣ ከአፌ የማይወጣ የመሰለኝን ተናገርኩት። “ያን ጊዜ ለአሰጋሽ የነገርኳት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለች። “እናትሽ ነግራኛለች።”

ናዝራዊት ቀጠለች። ወይዘሮ አሰጋሽ እስር ቤት መጥታ እናቴን ለብቻዋ አስጠርታ “ልጅሽ ባትነግረኝ ኖሮ መሳቂያ ሆኜ ነበር” አለቻት። ለምስጋና ነው የመጣችው! እናቴ ወደ ክፍሉ ስትመለስ አዴ ጉዲቱ “ማነው የሸጠን? የገርባን ክንድ ያሰበረው ማነው?” እያሉ ግድግዳ ይደበድቡ ነበር። እናቴ “እኔ ነኝ፤ ለእትዬ አሰጋሽ አምልጦኝ ነው” አለች።

“ለኔ ብቻ በጆሮዬ እውነቱን ነገረችኝ” አለች ናዝራዊት። “አስማለችኝ። ልጄ የሰው ክንድ አሰባሪ ተብላ አትደግ አለችኝ። ‘ሐሙስስ?’ ብዬ ጠየቅኋት። ‘አዴ ጉዲቱ ሲበርድላቸው ይወስዱኛል’ አለችኝ።”

ሴቶች ይህን “የእናት ፍቅር” ሲሉት እሰማለሁ። እኔ ተናደድኩ። ማን ጠየቀሽ እማ? ልጅ ነበርኩ፤ ቢገርፉኝ ለሳምንት ነው፣ ቢሰድቡኝ ለዓመት ነው። አንቺ ግን የሚወስድሽን ሰው ከራስሽ አራቅሽ። እኔን ከስድብ አድነሽ ያለ እናት አስቀረሽኝ። አሰጋሽንም፣ ሽምብራ የማረከውንም ሰውዬ፣ አባቴንም፣ ገልጦ ያላየውንም ጤና ጣቢያ እከሳለሁ፤ አንቺንም ጭምር።

በማግሥቱ ሰበታ ሄድኩ። አዴ ጉዲቱ ደጃቸው ላይ ጎመን ዘር ይለቅማሉ፤ አላወቁኝም። “አካም ጂርቱ” አልኳቸው። ማን መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው ተዘጋ። የመጣሁበትን በኦሮምኛ፣ ቆሜ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ከረሜላውን ጭምር።

“አንቺ?” አሉ።

“እኔ።”

“አረጋሽ አይደለችም?”

“አይደለችም።”

ጥፊውን ጠበቅኩ፤ ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቆይተው ሲያነሡት ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

“ወረቀቱ እኔ ጋ ነበር” አሉ።

“የምን ወረቀት?”

“የሐኪሙ። ሲስተር ጽፋ፣ ባሏ እንዳያይባት እኔ ጋ አስቀመጠችው። ስሙ አለ፣ ስልኩ አለ፣ ሆስፒታሉ አለ። ከእስር እንደወጣን በሳምንቱ እወስዳት ነበር፤ ታክሲ ባይኖር አዝዬ እወስዳት ነበር! እሳት ውስጥ ከተትኩት፣ ኢንተለኮ፣ ልጄ። እሷ እያየችኝ። ዝም ብላ አየችኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረችም!” ደረታቸውን በጡጫ መቱ። “ታመመች ሲሉኝ ሰማሁ። ሞተች ሲሉኝ ‘የእጇን አገኘች’ አልኩ። በዚህ አፌ!”

ይቅር በሉኝ ለማለት መጥቼ፣ ይቅር የሚባለው ማን እንደሆነ ጠፋኝ።

አዴ ጉዲቱ ዘሩን ከነሰፌዱ መሬት ላይ ጣሉትና ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቀዘቁት፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው። ከዚያ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ለኔ ሰጡኝ። “ለፈቲያ ደውይልኝ” አሉ። ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ መለስኩላቸው። ከወዲያ የስፌት መኪና ይሰማል።

“ፈቲያ፣ ሥራሽን አቁሚና ነይ” አሉ። “አረጋሽ ሞታብናለች።”

መኪናው ቆመ። ፈቲያ “የቷ አረጋሽ?” አለች።

“የኛዋ” አሉ አዴ ጉዲቱ። “ልጇ እዚህ ቆማለች፤ ቶሎ ነይ።”